አያ ጅቦ ለእሾህ ተራራ ወጣ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ በተራራው ዋሻ ውስጥ ትልቅ ሆስፒታል ባስከፈተ በዓመቱ፣ አያ ጅቦን እሾህ ወጋው።

እሾሁ የአጋም ነው። የገባው የፊት ግራ እግሩ ውስጥ፣ መሃል መሃሉን ነው። እንዴት እንደወጋው ለጠየቀው ሁሉ «ከነብር ጋር ተጣልቼ» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከሰው አጥር ላይ የተሰጣ ቁርበት ሊሰርቅ ሲጠጋ አንድ ቡችላ ጮኸበት፤ ሲሸሽ አጋሙ ውስጥ ገባ። ቡችላው ገና ጥርስ አላወጣም ነበር።

ሚስቱ እመት ጅቢት እግሩን አንስታ አየችው።

«ጫፉ ይታያል» አለች። «ዋንዛው ሥር ሂድና እመት ጃርት ታውጣልህ።»

እመት ጃርት ከመንደሩ ዳር፣ ከዋንዛው ዛፍ ሥር፣ ትንሽ የሕክምና ቤት ነበራት። ቤት ሲባል ግን ብዙ አይጠበቅ። በሽተኛ የሚቀመጥበት አንድ የወደቀ ግንድ፣ አንድ ቅል ውኃ፣ ጥቂት ቅጠላ ቅጠልና ጀርባዋ ላይ የበቀለው የራሷ ወስፌ ነው፤ በቃ። በዚያው ግን እሾህ ታወጣለች፣ እባጭ ታፈርጣለች፣ ቁስል ታጥባለች። ዋጋዋ አንድ ሥር ወይም አንድ እፍኝ እህል ነው። የሌለው «ሲኖርህ ታመጣለህ» ተብሎ ይሄዳል።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ጋማው ቆመ።

«እኔን? እኔን አያ ጅቦን? ከአህያና ከጥንቸል ጋር ግንድ ላይ ተሰልፌ በጃርት ልታከም? እናቴ ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሳለች!»

«እናትህ ከመቃብሯ የምትነሳው አጥንት ከሸተታት ነው» አለች እመት ጅቢት።

ይህን ሲነጋገሩ ቀበሮ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሆኖ ጆሮውን አቁሟል። ቀበሮ በዚያ ሰሞን ሥራው ድለላ ነበር። ተራራው ላይ በሽተኛ ይዞ በወጣ ቁጥር ከበሽተኛው የድካሙን ይቀበላል። በሽተኛ ባጣ ቀን ደግሞ ጤነኛውን ያሳምመዋል።

«አያ ጅቦ፣ ጌታዬ!» እያለ እየተሽቆጠቆጠ ብቅ አለ። «ምነው እግርዎን አነሱት?»

«እሾህ ነው።»

«እሾህ! ኧረ በስመ አብ! እሾህ ብለው እንዳይንቁት። የአክስቴ ልጅ እንዲሁ እሾህ ነው ብሎ ቢተኛ፣ በሦስተኛው ቀን ጅራቱ ወደቀ።»

አያ ጅቦ ደነገጠ። «የወጋው ጅራቱ ላይ ነበር?»

«ጆሮው ላይ!»

አያ ጅቦ ዞር ብሎ ጅራቱን አየ። አለች። ቢሆንም የላላች መሰለው።

«እርስዎን የሚመጥን ቦታ አለ» አለ ቀበሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአንበሳ ሆስፒታል። ዶክተር ዝንጀሮ ራሱ ነው የሚያይዎት። አልጋው ደግሞ ቁርበት የተነጠፈበት ነው።»

«ቁርበት?» አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «የምን ቁርበት?»

«የሰንጋ በሬ።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ አለቀ። እመት ጅቢት መንገድ ላይ ቆመች። «ጅቦ፣ ክረምቱ ደርሷል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሃያ አጥንት የልጆቹ ነው። ለአንድ እሾህ...»

«ጤና ይቀድማል!» አለና አጥንቱን ሁሉ ቆፍሮ ስልቻ ውስጥ ከተተው። ስልቻውን ቀበሮ ያዘለት። ቀበሮ ሸክም አይወድም፤ ይህንን ሸክም ግን ወደደው።

ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ በዋንዛው ሥር ያልፋል። ግንዱ ላይ እመት አህያ ኮቴዋን ልታሳይ ተቀምጣ ነበር። አያ ጅቦ ሲያነክስ ባየችው ጊዜ ብድግ አለች። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል!» ብላ ከዛፉ ጀርባ ተሸሸገች። ግማሽዋ ተሸሸገ፤ ግማሽዋ ውጭ ቀረ።

እመት ጃርት ግን ፈጠን ብላ ወጣች። «አያ ጅቦ፣ እሾህ ነው አይደል? ና እስቲ፣ ቆመህ ነው የማወጣልህ!»

«አይስሟት» አለ ቀበሮ። «ገበያ አጥታ ነው።»

አያ ጅቦ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ አለፈ። አፍንጫው ወደ ሰማይ ስለነበረም ድንጋይ መታው፤ እሾሁ ጠልቆ ገባ።

ተራራው ላይ ሲደርሱ በሩ ላይ ቁራ ካርድ ታወጣለች።

«ስም?»

«አያ ጅቦ።»

«ሕመም?»

«ከባድ» አለ ቀበሮ ቀድሞ።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል። አያ ጅቦም ገና ካርዱ ሳይጻፍ «ቁርበቴስ?» አለ። ተነጠፈለት። እውነትም የሰንጋ በሬ ነበር። አያ ጅቦ ተኛበት፣ አሸተተው፣ ላሰው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም ግማሽ አልጋውን በላው።

በመጀመሪያው ቀን የሆድ ዕቃ የምታየው ጉጉት መጣችና ዓይኗን ሳታርገበግብ አፈጠጠችበት። ስታየው፣ ስታየው ቆይታ «ሆድህ ባዶ ነው» አለችው። ይህንን እሱም ያውቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጋማውን አበጥሮ አንበሳ ራሱ ለጉብኝት ገባ። አያ ጅቦ ሊነሳ ሲንደፋደፍ «አይዞህ» አለውና አለፈ። አያ ጅቦ በዚያች «አይዞህ» ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ። ዋጋዋን ገና አልሰማም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዶክተር ዝንጀሮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እየሮጠ መጣ። ጎኑ የተሰበረ ጎሽ በአንድ በኩል፣ ምጥ የጠናባት ድኩላ በሌላ በኩል ይጠብቁታል።

«አንተ ምን ሆነህ ነው?»

አያ ጅቦ እግሩን ዘረጋ። ዶክተሩ አየ። ቀና ብሎ ፊቱን አየ። እንደገና እግሩን አየ። በሁለት ጥፍሩ ያዘና ነቀለው። ዝንብ ለማባረር ከዚህ ይበልጥ ጊዜ ይፈጃል።

«ለዚህ ነው ሦስት ቀን የተኛኸው? ሰፈራችሁ ጃርት የላችሁም እንዴ?»

«አለች፤ ግን የምትመጥነኝ...»

«እኔ እኮ ጃርት ያልቻለችውን ነው የማየው» አለ ዶክተሩና ወደ ጎሹ ሮጠ።

ቁራ ስልቻውን ፈታች። «የሦስት ቀን አልጋ፣ ስድስት አጥንት። የበላኸው አልጋ፣ አራት። ጉጉት ያየችበት፣ ሦስት። የንጉሥ አይዞህ፣ ሁለት። ካርድ፣ አንድ።»

«እሾሁስ?» አለ አያ ጅቦ።

«እሱ አንድ ነው።»

የቀሩትን ሦስት አጥንቶች ቀበሮ «የድካሜን» ብሎ አፉ ውስጥ ከተታቸው። ለስልቻውም ማረፊያ አላጣለትም።

አያ ጅቦ በጤነኛ እግሩና በባዶ እጁ ቤቱ ገባ። ሦስቱ ግልገሎች ስልቻ የሚያዩ መስሏቸው ሮጠው ዙሪያውን አሸተቱት። ከዚያ ተመልሰው እናታቸው ሥር ተቀመጡ። እመት ጅቢት ወጥታ ያንን የተቆፈረ ጉድጓድ አፈር መለሰችበት። አያ ጅቦ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ሲቆነጥጠው ተሰማው። ሐፍረት ነበር። ሐፍረት የሚባል ነገር ገጥሞት ስለማያውቅ ግን ረኃብ መሰለው።

ክረምቱ ከባድ ሆነ። ትንሿ ግልገል እርጥብ ድንጋይ እየላሰች «ጨው ጨው ይላል» ትል ነበር። አያ ጅቦ ይህን በሰማ ቁጥር መሬቱን እየመታ ይምላል።

«ከእንግዲህ ሆስፒታል ብሎ ነገር የለም! አንገቴ ቢቆረጥ እንኳ ራሴን ይዤ ጃርት ጋ ነው የምሄደው!»

አያ ጅቦ አንድ ነገር ከተማረ አይረሳም። ችግሩ ሁልጊዜ የሚማረው ግማሹን ነው።

ክረምቱ አለፈ፤ ኅዳር ገባ። አጥንትም ጥቂት በጥቂት ተጠራቀመ፤ ስምንት ደረሰ። ታዲያ በአንድ የገበያ ቀን የአንድ ነጋዴ በቅሎ ደንብራ ኮርቻዋን ገደል ውስጥ ጣለች። አያ ጅቦ ኮርቻውን አገኘው። አዲስ ቆዳ ነው፤ ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ለሚስቱ ላካፍል አላለ፣ ለልጆቼ ልያዝ አላለ፣ ማኘክም አላለ። ቆዳውን ዋጠ፣ ጠፍሩን ዋጠ፣ በመጨረሻም የብረቱን እርካብ ዋጠ። እርካቡን ለምን እንደዋጠው በኋላ ሲጠየቅ «አብሮ ስለመጣ» ነበር ያለው።

አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ይባላል። አያ ጅቦን ግን መትፋቱም እምቢ አለው። ሆዱ በማግስቱ እንደ ከበሮ ተነፋ። አይበላ፣ አይጠጣ፣ አይተኛ።

«ይሄ የሆስፒታል ነው፤ ወደ ተራራው እንውሰድህ» አለች እመት ጅቢት።

«ሞቼ ነው! ለእሾህ ሃያ ያሉ ለዚህማ ቆዳዬን ነው የሚገፉኝ። ጉድጓዱን እንዳትነኪው! እሱ የልጆቹ ነው።»

ይህን ሲል ከልቡ ነበር።

ሁለት ቀን እያቃሰተ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ ዋንዛው ሥር ደረሰ። እመት ጅቢት ስምንቱን አጥንቶች በአሮጌ ጨርቅ ቋጥራ ከኋላው ተከተለችው። ባሏን ታውቀዋለች፤ አልሰማችውም።

ግንዱ ላይ የነበሩት ጥንቸሎች ተበታተኑ። እመት አህያም ልትሮጥ ነበር፤ ነገር ግን ጀርባዋ ላይ የወጣውን ቁስል እመት ጃርት እያጠበችው ስለነበር ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«እመት ጃርት» አለ አያ ጅቦ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «አንዲት ቅጠል ስጪኝ። ርካሿን።»

እመት ጃርት ጆሮዋን ሆዱ ላይ ለጠፈች። በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። ከውስጥ «ቅጭል!» የሚል ድምፅ መለሰላት።

«ምንድን ነው የበላኸው?»

«ኮርቻ።»

«ከነእርካቡ?»

አያ ጅቦ ወደ መሬት አየ።

እመት ጃርት ቀጥ ብላ ቆመች። «ይሄ የእኔ አይደለም። ሆድህ መከፈት አለበት። ዛሬውኑ ተራራው ላይ ውጣ።»

«አንቺም?» አለ አያ ጅቦ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ። «አንቺም ደላላ ሆንሽ? ስንት ይሰጡሻል?»

«ስማኝ፣ አያ ጅቦ። በወስፌዬ እሾህ ባወጣ፣ ሆድ እከፍታለሁ ማለት አይደለም። ቅጠልማ ልሰጥህ እችላለሁ፤ ለመቃብርህ ጉዝጓዝ ይሆናል። ያን ጊዜ የጠራሁህ ስለምችለው ነው፤ ዛሬ ሂድ የምልህ ስለማልችለው ነው። የሁለቱ ልዩነት እንዴት ጠፋህ?»

አንድ ሰፊ የሾላ ቅጠል ቀጥፋ በወስፌዋ ጫፍ ወጋ ወጋ እያደረገች ጻፈችበት። «ይህ ሪፈር ይባላል። በር ላይ ስታሳይ ወዲያው ያስገቡሃል፤ ዋጋውም ይቀንስልሃል። በገዛ እጁ ዘሎ የሚሄድና ተልኮ የሚሄድ እኩል አይከፍልም።»

«ማን ያወጣኛል? መራመድ አልችልም።»

እመት ጃርት ወደ አህያዋ አየች። እመት ጅቢት ወደ አህያዋ አየች። አያ ጅቦም አየ፤ እሱ ግን ከልማድ ነው።

«እኔን ነው የምታዩት?» አለች እመት አህያ። «እኔን? አያቴን የበላው እኮ የዚህ አጎት ነው! የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ባሌ በአገር የተሰደበው በእነዚህ የተነሳ ነው!»

«እውነትሽን ነው» አለች እመት ጅቢት። ጎንበስ ብላ የአህያዋን ኮቴ ነካች። «የኔ እመቤት፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። ለእሱ ብዬ አልለምንሽም። ለእሱ ብዬማ ቢሆን እኔም አላደርገውም ነበር።»

እመት አህያ ጆሮዎቿን ጣለች። ብዙ አሰበች። አህያ ስታስብ ያስታውቃል፤ አንዱ ጆሮ ወደፊት፣ ሌላው ወደኋላ ይሄዳል።

«አፉ ይታሰር» አለች በመጨረሻ። «በሦስት ሐረግ።»

አፉ በአራት ሐረግ ታሰረ፤ አንዱ ለእመት ጃርት እርካታ ነው። በቁስሏ ላይ ወፍራም ቅጠል ደልድለው ጫኑት። እንዲህ ሆኖ ጅብ በአህያ ጀርባ ተራራ ሲወጣ መንገድ ላይ ያገኙት ሁለት ዝንጀሮዎች ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው ከዛፍ ወደቁ። ሁለቱም በዚያው ታካሚ ሆነው ተከተሉ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ የሞቀ ጠብታ አህያዋ አንገት ላይ ወደቀ። እመት አህያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ ምራቅ ነው እንባ?»

አያ ጅቦ አፉ ስለታሰረ መልስ አልነበረውም። እመት ጅቢት ቀና ብላ ፊቱን አየች።

«እንባ ነው» አለች።

እመት አህያ እርምጃዋን ቀጠለች። አሁን ግን ፈጠን ብላ ነበር።

በሩ ላይ ቀበሮ እጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው። «ጌታዬ አያ ጅቦ! ቁራ፣ መዝግቢ፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት!»

እመት አህያ ዞር አለች። ለአመል ያህል ብቻ አንድ ጊዜ በኋላ እግሯ ረገጠችው። ቀበሮ ከተራራው ቁልቁል ሲወርድ መንገድ አላስፈለገውም።

ዶክተር ዝንጀሮ የሾላውን ቅጠል አነበበ፤ ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ «ቆዩኝ» ብሎ አያ ጅቦን ቀጥታ ወደ ውስጥ አስገባው። አልጋ የለ፣ ጉጉት የለ። ሆዱ ተከፈተ። ቆዳው ወጣ፣ ጠፍሩ ወጣ፣ እርካቡ ወጣ። የጠፋች አንዲት ጫማም ወጣች፤ ስለ እሷ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ሆዱ ተሰፋ።

«ለግማሽ ቀን ብትዘገይ አንጀትህ ይበሰብስ ነበር» አለ ዶክተሩ፣ እጁን እየታጠበ። «በመጀመሪያው ቀን ብትመጣ ደግሞ ሆድህን ሳልከፍት አስተፋህ ነበር።»

እመት ጅቢት ቋጠሮዋን ፈታች። ቁራ ቅጠሉን አየችና ከስምንቱ ስድስቱን ብቻ ወሰደች።

አያ ጅቦ ዓይኑን ማመን አቃተው። ጎንበስ ብሎ በሚስቱ ጆሮ «ሒሳብ አትችልም፤ ሳይገባት ቶሎ እንውጣ» አላት። ስፌቱን በእጁ ደግፎ እያዘገመ፣ ግን ደግሞ ሊሮጥ እየሞከረ፣ ተራራውን ወረደ። እመት አህያን ፈልጎ ሊያመሰግናት ነበር። እመት አህያ ግን ገና ሐረጉ ከመፈታቱ በፊት ነበር የሄደችው።

ቁስሉ ጠገገ፤ ወራት አለፉ። አንድ ቀን አያ ጅቦ ሲያስነጥስ ተነሳ። አፍንጫው ይፈስሳል፣ ጉሮሮው ይከረክረዋል። እመት ጅቢት የት እንደሚሄድ ልታይ ተመለከተችው። አያ ጅቦ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ተራራው አየ። ወደ ዋንዛው አየ። በጣም አሰበ፤ ከማሰቡ የተነሳ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። ከዚያ ወደ ዋንዛው ሄዶ፣ ከጥንቸሎቹ ኋላ ግንዱ ጫፍ ላይ ተራውን ይዞ ተቀመጠ። ጥንቸሎቹ ተራቸውን በደስታ ለቀቁለት።

እመት ጃርት ጉሮሮውን አየችለት፤ ግንባሩን ዳሰሰችው።

«ጉንፋን ነው። ለዚህማ እኔ ጋም መምጣት አያስፈልግህም ነበር። ቤትህ ተኛ፣ ትኩስ ውኃ ጠጣ፤ ሳምንት ካለፈህ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ ያን ጊዜ ተመልሰህ ና።»

አያ ጅቦ ተጠራጠረ። «ዋጋው ስንት ነው?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

አያ ጅቦ ይህን ቃል በአፉ ውስጥ አገላበጠው። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አልቀመሰም። ዙሪያውን ቃኘ፤ ደላላ የለም፣ ቁራ የለችም። ከዚያም ወደ እመት ጃርት ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

«ምንም ከሆነማ፣ ሁለት ስጪኝ» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለእሾህ ተራራ የሚወጣ ጎተራውን፣ ተራራ የሚያስወጣ ሕመም ይዞ ዛፍ ሥር የሚውል ደግሞ ነፍሱን እንደሚከስር፣ ስለዚህም ብልህ የሆነ ከክብሩም ከኪሱም በፊት ሕመሙን አይቶ የሚታከምበትን ቦታ እንደሚመርጥ ነው።